ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ አነስተኛ ድርጅቶች የቪዲዮ ስብሰባ ዕቃና ሶፍትዌር አመራረጥ

ደሴ ላይ ቢሮ የከፈተ የሥራ ተቋራጭ አዲስ አበባ ካለው አማካሪ መሐንዲስ ጋር፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ የሚሠራ ትራንዚተር ጅቡቲ ካለው ወኪሉ ጋር፣ ማሾ ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ ነጋዴ ከባሕር ማዶ ገዢው ጋር በቪዲዮ መነጋገር የሥራቸው አንድ ክፍል ሆኗል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ሁለት ቀን በመኪና ማሳለፍ ለማንም አያዋጣም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ዕቃ ለመግዛት ሲወጣ ነው። ሱቁ ካሜራ ያሳያል፤ አንዱ ወዳጅ ዙም ይሻላል ይላል፤ ሌላው ቴሌግራም ይበቃል ብሎ ይመክራል፤ የቢሮውን ኮምፒውተር የሚጠግነው ባለሙያ ደግሞ ትልቅ ስክሪን እንዲገዛ ያግባባል። ሁሉም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ በምን መለኪያ እንደመዘኑት ግን አይናገሩም።

መለኪያዎቹና ቅደም ተከተላቸው

ከሁሉ የሚቀድመው መለኪያ ድምጽ ነው። ምስሉ ደብዝዞም ሆነ ደርቆ ድምጹ ከጠራ ውሉ ይጨረሳል፤ ምስሉ እንደ መስታወት ጠርቶ ድምጹ ከተቆራረጠ ግን ሁለቱም ወገኖች በስልክ እንደዋወል ብለው ይለያያሉ። ሁለተኛው መብራት ሲጠፋ ስብሰባው የሚቀጥልበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው በሰዓት የሚበላው ዳታ፣ አራተኛው ከወዲያ ያለው ወገን የለመደው ሶፍትዌር፣ አምስተኛው ዕቃው ሲበላሽ እዚሁ መጠገን መቻሉና ክፍያ ካለው በምን መንገድ እንደሚከፈል ነው። የምስል ጥራት በመጨረሻ ይመጣል። ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ስለሚያቀርቡት ገዢው በጀቱን ካሜራ ላይ ጨርሶ ለማይክ የሚሆን ሳይተርፈው ይቀራል።

ዋጋን በተመለከተ እዚህ የብር አኃዝ አላስቀመጥሁም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የተጻፈ አኃዝ ነገ ያሳስታል። ስለዚህ ንጽጽሩ በርካሽ፣ በመካከለኛና በውድ ተወስኗል።

ድምጽ

በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ማይኩ የሚያገኘው ድምጽ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ የክፍሉ ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። በመሆኑም ጠረጴዛ ማዶ ከተቀመጠ ውድ ማይክ ይልቅ ከአፍ አጠገብ ያለ ርካሽ ማይክ ጥርት ያለ ድምጽ ይሰጣል። ብቻውን ለሚሰበሰብ ሰው ከአፍ አጠገብ የሚዘረጋ ማይክ ያለው፣ በገመድ የሚሰካ ሄድፎን ከሁሉም ዕቃ ይልቅ ለወጣበት ገንዘብ ብዙ የሚመልስ ነው። ከስልክ ጋር የሚመጣው ባለ ገመድ ኤርፎንም ቢሆን ከላፕቶፑ ማይክ ይሻላል፤ የላፕቶፑ ማይክ የራሱን ፋንና የቁልፍ ሰሌዳውን ድምጽ አብሮ ያነሳልና።

ገመድ አልባው የብሉቱዝ ኤርፎን ምቹ ይመስላል። ሆኖም በብዙዎቹ ላይ ማይኩ ሲከፈት የሚሰማው ድምጽ ጥራት ይወርዳል፤ ከአንድ ስብሰባ ወደ ሌላው በተከታታይ ለሚሻገር ሰው ደግሞ ባትሪው መሐል ላይ ያልቃል። ለእግረ መንገድ ጥሪ ይሁን፤ ለውል ድርድር አልመክረውም።

ከሦስት እስከ ስድስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ ጉዳዩ ይለወጣል። እያንዳንዱ በየላፕቶፑ ከገባ የአንዱ ስፒከር በሌላው ማይክ ተመልሶ እየገባ ሁሉንም ያሰለቸውን ማስተጋባት ይፈጥራል። መፍትሔው አንድ ላፕቶፕ ብቻ በድምጽ እንዲገባ አድርጎ ጠረጴዛው መሐል ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ የስብሰባ ስፒከር ማስቀመጥ ነው። ይህ ክብ ቅርጽ ያለው፣ ማይክና ስፒከር በአንድነት የያዘ ትንሽ ዕቃ ማስተጋባትን ራሱ የሚያስወግድ ሲሆን፣ ዋጋው መካከለኛ፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ ላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚሰጠውን ያህል ብቻ ነው። ለዘፈን ማዳመጫ የተሠራውን ተራ የብሉቱዝ ስፒከር በምትኩ ለማሠራት መሞከር ገንዘብ ማዳን ይመስላል፤ ማይኩ ግን በአብዛኛው ቅርብ ለሆነ አንድ ሰው የታሰበ ነው።

ክፍሉም ራሱ የዕቃው አካል ነው። ሴራሚክ ወለል፣ የሲሚንቶ ግድግዳና ሰፊ መስኮት ያለው አዲስ ቢሮ ለዓይን ያምራል፤ ድምጽን ግን እያንጸባረቀ ያደባልቃል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና የጨርቅ ወንበር ማስገባት ከአዲስ ማይክ ያልተናነሰ ለውጥ ያመጣል። ጣራው ቆርቆሮ ብቻ ሆኖ ኮርኒስ የሌለው ክፍል በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ አይሆንም፤ የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የትኛውም ሶፍትዌር አያጠፋውም። ወደ ዋናው መንገድ የሚከፈት ክፍልም የባጃጁን ጡሩምባ ይዞ ይገባልና ከተቻለ የጓሮው ክፍል ይመረጥ።

መብራትና ኢንተርኔት

ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ስብሰባው የሚቀጥል ይመስላል። እውነታው ግን ራውተሩ ባትሪ የለውም። መብራት በሄደ ቅጽበት ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ የተሠራ ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) በገበያ አለ፤ ራውተር የሚበላው ኃይል አነስተኛ በመሆኑ እንዲህ ያለው ዕቃ እንደ ባትሪው መጠን ለሰዓታት ሊያቆየው ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 12 ቮልት ነው፤ ከዩፒኤሱ መውጫ ጋር መግጠም አለበት። ፋይበር የገባላቸው ቢሮዎች ደግሞ አንዳንዴ ግድግዳ ላይ ያለው የፋይበር መቀበያና ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሆናሉ፤ ሁለቱም በዩፒኤስ ካልተያዙ አንዱ ብቻውን መብራቱ ዋጋ የለውም። ጄነሬተር ያለው ድርጅት ቢሆንም ጄነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ራውተሩ ጠፍቶ እንደገና መነሣቱ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ የጄነሬተሩ ድምጽም በማይክ ይሰማል።

ስለ መስመሩ ዓይነት ስንመጣ፣ በገመድ የሚገባ ብሮድባንድና የሞባይል 4ጂ እንደ ተቀናቃኝ መታየት የለባቸውም። ብሮድባንዱ ዋና፣ የሞባይሉ ዳታ መጠባበቂያ ቢሆን ይመረጣል። ሥራው ቢበዛም ባይበዛም የመጠባበቂያው ሲም ብሮድባንዱን ከሚሰጠው የተለየ ኩባንያ ቢሆን ይሻላል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ቢሮዎ ባለበት ቦታ የሚሰጡትን ምልክት በእጅ ስልክ መሞከር ይቻላል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል ተከባ የተቀመጠች ከተማ እንደመሆኗ አንዱ ሰፈር ላይ የሚያምር ምልክት ሌላው ጥግ ላይ ሊደክም ይችላል፤ ሜዳ ላይ ያረፈችው ኮምቦልቻም ብትሆን ምልክቱን የሕንፃው ግድግዳ ውፍረት ይወስነዋል። የጎረቤት ምስክርነት ስለማይበቃ ስብሰባው በሚደረግበት ክፍል፣ በሚደረግበት ሰዓት ፍጥነቱን ይለኩ። ሲለኩም የማውረጃውን አኃዝ ብቻ አይመልከቱ፤ ወዲያ ያለው ሰው እርስዎን የሚያየውና የሚሰማው በመላኪያው ፍጥነት ነው። በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ያየ ነጋዴ በሞባይል ብቻ መንጠልጠልን እንደማይመርጥም መገመት ቀላል ነው።

ፍጆታውን በሒሳብ ማየት ይጠቅማል። ዙም ባወጣው መስፈርት የቡድን የቪዲዮ ስብሰባ ለመላኪያ 1 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ለመቀበያ 600 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይጠይቃል። ሁለቱ ተደምረው ለአንድ ሰዓት ሲሰሉ 720 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናሉ። በድምጽ ብቻ የሚደረግ ስብሰባ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት ስለሚበቃው መላኪያውና መቀበያው ተደምሮ በሰዓት ከ75 ሜጋ ባይት አይበልጥም። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። በሞባይል ፓኬጅ የሚሠራ ድርጅት በሰላምታው ጊዜ ካሜራ ከፍቶ፣ ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ቢዘጋው የማንንም ክብር አይነካም። ዙም፣ ጉግል ሚትና ማይክሮሶፍት ቲምስ ሦስቱም የሌሎችን ቪዲዮ በራስ በኩል ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ አላቸው፤ የዳታ ቁጠባው ግማሽ ሥራ እዚያ ነው።

ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ዴስክቶፕ ወይስ የስብሰባ ክፍል ዕቃ

ስልክ በእጅ ያለ፣ ባትሪ ያለው፣ በራሱ ሲም የሚሠራ በመሆኑ በመብራት መለኪያ ማንም አይቀድመውም። መጋዘን ውስጥ እየተዘዋወሩ ዕቃ ለገዢ ለማሳየት፣ የግንባታ ቦታ ላይ ሆኖ ብረቱ እንዴት እንደታሰረ ለመሐንዲሱ ለማሳየት ከላፕቶፕም ይበልጣል። ድክመቱ ሰነድ ላይ ነው፤ የዋጋ ዝርዝር ወይም የሥራ ዝርዝር በስልክ ስክሪን ተያይዞ ሲቀርብ ማንበብ ያስቸግራል። ስልክ የሚጠቀም ሰው ርካሽ መቆሚያ ይግዛ፤ በእጅ የተያዘ ስልክ ምስሉን ሲያንቀጠቅጥ የሚልከውም ዳታ ይጨምራል። በስብሰባው መሐል መደበኛ ጥሪ ገብቶ እንዳያቋርጥም አስቀድሞ መከልከል ያስፈልጋል።

ለአብዛኛው አነስተኛ ድርጅት የሚሻለው ላፕቶፕ ነው። አዲስ ወይስ ያገለገለ የሚለው ጥያቄ ግን ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ተጨማሪ መለኪያ አግኝቷል፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ በዚያ ወር አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚደግፈው፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። ስለዚህ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ትውልድ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ በርካሽ ሲቀርብ ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ ይታወቅ። ራሙ 8 ጊጋ ባይት ቢሆን ስብሰባውና የኤክሴል ሰነዱ ሳይጋፉ አብረው ይከፈታሉ።

ዴስክቶፕ በተመሳሳይ ዋጋ የበለጠ አቅም ይሰጣል፤ ጥገናውም ቀላል ነው፤ የተበላሸው አካል መለዋወጫው ከተገኘ እዚያው ይቀየራል። ነገር ግን ካሜራም ማይክም የለውም፤ መብራት ሲጠፋም ዩፒኤስ ቢኖረው እንኳ ሰነድ አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ እንጂ ስብሰባ የሚያስጨርስ ጊዜ ላያገኝ ይችላል። ቀድሞ ዴስክቶፕ ያለው ቢሮ ሄድፎንና ዌብካም ጨምሮ ይጠቀምበት፤ ለስብሰባ ብሎ አዲስ መግዛት ግን አያስፈልግም።

ካሜራ፣ ማይክና ስፒከር በአንድ ረጅም አካል ተገጥመው ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጡት የስብሰባ ክፍል ዕቃዎች በጣም ውድ ናቸው፤ ሲበላሹም ደሴ ላይ የሚጠግናቸው ማግኘት አይቀልም። ቢሮው ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ማያያዝ፣ አናቱ ላይ 1080ፒ (ከፍ ያለ የምስል ጥራት ያለው) ዌብካም ማስቀመጥ፣ ጠረጴዛው ላይ የስብሰባ ስፒከሩን ማኖር ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ አንዱ ሲበላሽም አንዱ ብቻ ይለወጣል።

ስለ ካሜራ ብዙ የሚባል የለም። የላፕቶፑ 720ፒ ካሜራ ፊት ለማሳየት ይበቃል፤ መስኮቱን ከጀርባ ሳይሆን ከፊት ማድረግ ከአዲስ ካሜራ የበለጠ ይጠቅማል።

ሶፍትዌር

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ይጋብዛል የሚለው ነው። የነጻ አገልግሎቱ ገደብ የሚመለከተው ስብሰባውን የሚከፍተውን ወገን እንጂ ተጋባዡን አይደለም። የአዲስ አበባው አማካሪ ወይም የውጭው ገዢ የሚከፈልበት አገልግሎት ካለው ሊንኩን እሱ እንዲልክ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ብዙ ድርጅቶች ይህን ሳያስቡ ራሳቸው ለመክፈል መንገድ ይፈልጋሉ። የወር ክፍያው በዶላር የሚተመን በመሆኑና በውጭ ምንዛሪ መክፈል የሚችል ካርድ ስለሚጠይቅ፣ ለአነስተኛ ድርጅት ነጻውን በአግባቡ መጠቀም ይቀድማል።

ዙም በነጻ እስከ 100 ሰው ይቀበላል፤ ስብሰባውን ግን በ40 ደቂቃ ያቆመዋል። ተጋባዡ አካውንት ባይኖረውም በሊንክ መግባት መቻሉ ከአዲስ ደንበኛ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገናኘት ምቹ ያደርገዋል። 40 ደቂቃው ለአንዳንድ ስብሰባ በረከት ነው፤ የጨረታ ሰነድ ገጽ በገጽ ለማየት ግን ያንሳል። ጉግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ለሚሳተፍበት ስብሰባ በነጻ 60 ደቂቃ ይሰጣል፤ ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ይፈቅዳል። ምንም ሳይጫን በብራውዘር ይከፈታል፤ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ የጉግል አካውንት አስቀድሞ አለው ማለት ይቻላል። በነዚህ ምክንያቶች በራሱ አነሳሽነት ለሚጋብዝ አነስተኛ ድርጅት ሚትን አስቀድማለሁ።

ማይክሮሶፍት ቲምስ በነጻው በኩል 60 ደቂቃና 100 ሰው ይሰጣል። ከባድ በመሆኑ ራሙ አነስተኛ የሆነ ኮምፒውተርን ያንቀራፍፋል። ለራስ ብሎ መምረጡ እምብዛም ነው፤ ትልልቅ ድርጅቶችና ዓለም አቀፍ ተቋማት ስለሚጠቀሙበት ግን ከነሱ ጋር የሚሠራ ሰው መግባቱን ማወቅ አለበት። ስካይፕን እስካሁን በኮምፒውተሩ ላይ ያቆየ ካለ ያጥፋው፤ አገልግሎቱ በግንቦት ወር 2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ሁሉም ሰው እጅ ላይ አሉ፤ የዋትስአፕ የቡድን ጥሪ እስከ 32 ሰው ይይዛል። ለሠራተኞች የዕለት ንግግር፣ ከሾፌር ወይም ከአቅራቢ ጋር ለመነጋገር ከነሱ የሚቀል የለም። ከደንበኛ ጋር ለሚደረግ ስብሰባ ግን የግል ስልክ ቁጥር ሊያጋልጡ ይችላሉ፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅም ደንበኛው ከነቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። በተጨማሪም በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራም በአገር ደረጃ ለወራት ተገድቦ እንደነበር ማስታወስ ሁለተኛ አማራጭ እንዲያዝ ያደርጋል። ክፍት ምንጭ የሆነው ጂትሲ ሚት የጊዜ ገደብ ሳያስቸግር ይሠራል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በይፋዊው ድረ ገጽ ስብሰባ የሚከፍተው ሰው በአካውንት መግባት ይጠበቅበታል። ስሙን የማያውቅ ደንበኛ ሊንኩን ሲያይ ሊጠራጠር ስለሚችል ለውስጥ ስብሰባ ይሻላል።

የትኛውም ቢመረጥ የሰዓቱ ነገር ይጠንቀቁ። ግብዣው ላይ ከሰዓት 2፡00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ ከሌለ ናይሮቢ ይመረጥ፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። ለአገር ውስጥ ተጋባዥ ደግሞ በኢትዮጵያ ሰዓት ስንት እንደሆነ በአጭር መልእክት ጨምሮ መላክ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ዋጋ | መብራት ሲጠፋ | ዋና ጥቅሙ | ዋና ድክመቱ |
|---|---|---|---|---|
| ስልክ ከመቆሚያና ከባለ ገመድ ኤርፎን ጋር | ርካሽ | ይቀጥላል | ዕቃና ቦታ ማሳየት | ሰነድ ማንበብ |
| ላፕቶፕ ከሄድፎን ጋር | መካከለኛ | ራውተሩ ዩፒኤስ ካለው ይቀጥላል | ለሁሉም ሥራ | ያገለገለው ቶሎ ሊያረጅ ይችላል |
| ዴስክቶፕ ከዌብካም ጋር | መካከለኛ | ቶሎ ይቋረጣል | ቀላል ጥገና | ተጨማሪ ዕቃ ይፈልጋል |
| ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና የስብሰባ ስፒከር | ከመካከለኛ በላይ | ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ድምጹ ይቀጥላል | ከ3 እስከ 6 ሰው | የክፍሉ ማስተጋባት |
| ባለ አንድ አካል የስብሰባ ክፍል ዕቃ | በጣም ውድ | ይቋረጣል | ንጹሕ አቀማመጥ | ጥገና |
| ጉግል ሚት | ነጻ | አይመለከተውም | በብራውዘር፣ 60 ደቂቃ | ለቡድን የጊዜ ገደብ |
| ዙም | ነጻ | አይመለከተውም | ያለ አካውንት መግባት | 40 ደቂቃ |
| ቲምስ | ነጻ | አይመለከተውም | ትልልቅ ተቋማት ይጠቀሙታል | ከባድ ነው |
| ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ | ነጻ | አይመለከተውም | ሁሉም አለው | የግል ቁጥር ሊያጋልጥ ይችላል |

ለየፍላጎቱ

ብቻውን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር የሚሠራና ገና የሚጀምር ሰው አዲስ ነገር ሳይገዛ በእጁ ባለው ስልክ ይጀምር፤ መቆሚያና ባለ ገመድ ኤርፎን ይጨምር፤ ሚትን ይጫን። ቀጥሎ የሚገኘው ገንዘብ ለራውተሩ ዩፒኤስ ይዋል።

በሳምንት ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ጋር የሚሰበሰብ፣ ሰነድ የሚለዋወጥ የሂሳብ ባለሙያ፣ ተቋራጭ ወይም የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች አቅራቢ ላፕቶፕና ሄድፎን ይግዛ፤ ሁለተኛ ሲም በስልኩ ይያዝና ብሮድባንዱ ሲቋረጥ በሆትስፖት ይቀጥል። ይህን መቀያየር ደንበኛ ፊት ከመሞከር በፊት ራውተሩን ሆን ብሎ አጥፍቶ አንድ ጊዜ መለማመድ ያስፈልጋል።

አምስትና ስድስት ሆነው ለሚሰበሰቡ የግል ኮሌጅ ወይም የንግድ ሽርክና ኃላፊዎች የስብሰባ ስፒከሩ ከቴሌቪዥኑ ይቀድማል። ቴሌቪዥን ባይኖር ላፕቶፑን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስኬዳል። ከስምንት በላይ ሰው በቋሚነት የሚሰበሰብበት ቦታ ካለ ግን ትንሿ ስፒከር የጠረጴዛውን ዳር አትሰማም፤ ሁለተኛ ማይክ ሊያያዝበት የሚችል ዓይነት መፈለግ ይገባል።

በግዢው ቀን ሻጩ ዕቃውን እንዲያበራ ብቻ ሳይሆን ጥሪ እንዲደረግበት ይጠይቁ። ቢሮ ያለ ሰው በሚት ይደውል፤ እርስዎ ሱቁ ውስጥ ሆነው ከላፕቶፑ አንድ ክንድ ርቀው ይናገሩ፤ እሱ የሰማውን ይንገርዎ። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለው ይህን ጥሪ ለሃያ ደቂቃ ያቆዩትና ባትሪው ስንት በመቶ እንደወረደ ይመልከቱ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ደረሰኙ ላይም የዕቃው መለያ ቁጥርና የዋስትናው ጊዜ እንዲጻፍ ያድርጉ።